የእማማ ሳቪታ ማዕድ ቤት

ባለፈው ወር ልጄን ልጠይቅ ዙሪክ ሄጄ፣ ኦርሊኮን ባለው ፎቅ ደረጃ መሀል ላይ ቆምኩ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር፤ የቆምኩት ግን ደክሞኝ ብቻ አይደለም። ከአንዱ በር ሥር የሰናፍጭ ፍሬ በጋለ ቅቤ ውስጥ ሲፈነዳ የሚወጣው ሽታ ይመጣል፤ ከእሱም ጋር ሕንዶች ሂንግ የሚሉት፣ ለማያውቀው ሰው ነጭ ሽንኩርትና ድኝ የተቀላቀለበት የሚመስል ቅመም አለ። ልጄ ከላይ ሆና «አባዬ፣ ምን ሆንክ?» አለችኝ። ምንም አልሆንኩም፣ እያሸተትኩ ነው አልኳት። በጋዜጠኝነት በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ ሽታን ማስረጃ አድርጌ ዘገባ ጽፌ አላውቅም። ያን ቀን ግን አፍንጫዬ ከዙሪክ አንስቶ ጄኔቭ፣ ኦ ቪቭ፣ ሦስተኛ ፎቅ አደረሰኝ። ዘመኑ አገር ቤት ደርግ የነበረበት፣ እኛ ደግሞ በመጪው ዓመት እንመለሳለን እየተባባልን ሻንጣችንን ከአልጋ ሥር ያላወጣንበት ዘመን ነው።

ዓመቱን በእርግጠኝነት መጻፍ አልችልም። ጓደኞቼን ብጠይቅ እያንዳንዱ የየራሱን ዓመት ይነግረኛል። እርግጠኛ የምሆንበትን ልጻፍ። ያኔ ጄኔቭ የቀራት የትራም መስመር አንድ ብቻ ነበር፤ አሥራ ሁለት ቁጥር፣ በቶኔ በኩል እስከ ፈረንሳይ ድንበር የሚሄደው። ሬንቬርሴ የሚሉት ወተት የበዛበት ቡና ከሁለት ፍራንክ በታች ነበር፤ አንዱን አዘን ከሰዓቱን ሙሉ እንቀመጥበታለን፣ አስተናጋጇም ጠረጴዛውን እየደጋገመች በመጥረግ ሐሳቧን ትነግረናለች። ሱሪያችን ከታች የሰፋ ቤል ቦተም ነበር። ከአዲስ አበባ የመጨረሻው ፋሽን ነው ብለን ለብሰን የመጣነው እዚህ ካለፈበት ቆይቶ ኖሯል። ኮታችንን የምንገዛው ፕላንፓሌ ሜዳ ላይ ረቡዕና ቅዳሜ ከሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። ጌታሁን «ሁላችንም የሞተ ስዊዝ ለብሰን ነው የምንሄደው» ይል ነበር። ጌታሁን አዲስ አበባ የባንክ ሠራተኛ የነበረ፣ ጄኔቭ ውስጥ በአንድ ሆቴል ሰሃን የሚያጥብ ጓደኛዬ ነው። እኔ ደግሞ ለአንዲት ትንሽ የዜና ወኪል የዓለም አቀፍ ስብሰባዎችን እከታተል ነበር። ስብሰባ የማያልቅበት ከተማ ስለነበረ እንጀራዬም አላለቀም።

እማማ ሳቪታን ያገኘናቸው ሪቭ አካባቢ፣ የአትክልት ገበያ ውስጥ ነው። ጌታሁንና እኔ አንድ ትልቅ አረንጓዴ ቃሪያ ላይ በአማርኛ እንከራከራለን። እሱ ያቃጥላል ይላል፣ እኔ አያቃጥልም እላለሁ። ከኋላችን ነጭ የለበሱ አሮጊት ቆመዋል። በዓይኔ ጠርዝ ሳያቸው ነጠላ ያጣፉ የእኛ ሰው መስለውኝ ነበር። «ልጆች፣ እሱን አትግዙ» አሉ። «ቃሪያ የሚመስል ጎመን ነው።»

ዞር ስንል ነጠላ አይደለም፤ ነጭ ሳሪ ነው። ከላዩ ግራጫ የወንድ ካፖርት ደርበዋል፤ እግራቸው ላይ ወፍራም የሱፍ ካልሲ፣ ከካልሲው ላይ ነጠላ ጫማ። ፊታቸው የሕንድ ነው። አማርኛቸው ግን የፒያሳ ነው፤ ያውም ሳይቸኩሉ፣ የሚሸጥ ነገር እንዳለው ሰው እየተረጋጉ የሚናገሩት። ጌታሁን የመጣለት ጥያቄ «እማማ፣ ሰፈርዎ የት ነው?» የሚል ነበር። «ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ» አሉት። «ያንተስ?» እሱ ጉለሌ ሲላቸው ሩቅ አይደለም አሉ። ሌማን ሐይቅ ዳር ቆመን ጉለሌ ሩቅ አይደለም ያለን ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ታሪካቸውን ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ሰማሁት። ከጉጅራት በሙሽርነት አዲስ አበባ ሲመጡ ገና ልጅ ነበሩ። ባላቸው የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ኋላም ቴትረን ይሸጡ ነበር። ሱቁ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆመዋል። አማርኛውንም የተማሩት ከገዢ፣ ከልብስ ሰፊና ከተሸካሚ ነው። ከዚያ ንግዱ የሚዘጋበት ጊዜ መጣ፤ ባላቸውም ሱቁን አስረክበው ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ነጩ ሳሪ የሐዘን ልብስ ነበር። በአገራቸው ባል የሞተባት ሴት ነጭ ነው የምትለብሰው፤ እኛ ጥቁር የምንለብስበትን እሳቸው ነጭ ይለብሱበታል። አንድ ልጃቸው ኪሪት ስዊዘርላንድ ተምሮ እዚሁ መሐንዲስ ሆኖ ስለነበር ወደ ጄኔቭ አመጣቸው። ኪሪት የተወለደው አዲስ አበባ ነው፤ በሰባት ዓመቱ ግን ሕንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። ስለዚህ አማርኛው እዚያው ሰባት ዓመት ላይ ቆሟል። ክራባት ያሰረ ትልቅ ሰው ነው፤ አፉን ሲከፍት ግን ስለ ብይና ስለ ከረሜላ የሚያወራ ልጅ ይወጣል። «አንተ፣ እናቴን አየሃት?» ብሎ ሲጠይቀኝ እሷን ፍለጋ ከግቢ የወጣ ይመስል ነበር።

ሰው በስተርጅና አዲስ አገር ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ብዙ ዘገባ ሠርቻለሁ፤ ባለሙያዎች ሲናገሩም ሰምቻለሁ። ያየሁት ግን እሳቸው ቤት ነው። ፈረንሳይኛን የጀመሩት ከቁጥር ነው፤ ዋጋ ካልገባህ ሰላምታው ምን ይሠራል ይሉ ነበር። የመጋረጃ ጨርቅ ሊገዙ ገብተው ሻጩ ሜትሩን ሲያወጣ እሳቸው ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ በክንድ ለኩ። ሰውየው በሜትሩ ደግሞ ለካና እኩል ሲሆንበት ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዳም እያለ ወንበር ያቀርብላቸዋል። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ቁልፍ ለእያንዳንዱ ተከራይ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ብቻ መሆኑ ግን አልገባቸው አለ። ልብስ የሚታጠበው ሲቆሽሽ ነው ብለው አሰቡ። የሕንፃው ጠባቂ፣ ኮንሲዬርዥ የምንላት ሴትዮ፣ የሌላ ሰው ተራ ቀን ማድረቂያው ክፍል ስትገባ ሳሪያቸው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቶ አገኘችው። ተቆጣች። እሳቸው የቁጣውን ቃል ባይሰሙም ቁጣው ገባቸውና በማግሥቱ የሽምብራ ጥብስ በሰሃን ይዘው ወረዱ። ሴትዮዋ የወይን ጠጅ ስትጠጣበት ወደደችው። ከዚያ ወዲህ የራሷ ተራ የነበረው ማክሰኞም የእሳቸው ሆነ።

እኛን ያቆራኘን ጾም ነው። እማማ ሳቪታ ቤት ሥጋም እንቁላልም ገብቶ አያውቅም። እኛ ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን፤ እዚያ አገር ደግሞ በሚጾሙበት ቀን የሚበላ ምግብ ማግኘት ራሱ ሌላ ጾም ነበር። አይብ የሌለበት ነገር ስጡን ብንል አስተናጋጁ ምን ያማችኋል ይለን ነበር። እሳቸው የኦርቶዶክሱን ሥርዓት ፒያሳ እያሉ ያውቁታል። በጾም ቅቤና እርጎውን ትተው በዘይት ይሠራሉ፤ ምስር፣ ድንች በእርድ፣ ጎመን፣ ሽምብራ። ሰዓቱንም አይስቱም። በዐቢይ ጾም ሰዓቱ ሳይደርስ ለሄደ ሰው በር ይከፍታሉ እንጂ ምግብ አያቀርቡም፤ «ሂድ፣ ሐይቁን ዞረህ ና» ይሉታል። ጌታሁን ዓርብ ሲሆን ደውሎ «ዛሬ ሕንድ አገር አንሄድም?» ይለኝ ነበር። ሲሄድም ባዶ እጁን አይደለም። አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት የሰማቸውን የሕንድ ዘፈኖች ትርጉማቸውን ሳያውቅ፣ ቃሉንም ግማሹን ራሱ እየፈጠረ ያንጎራጉርላቸዋል። እሳቸው እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። አንድ ቀን ምን እያለ ነው ብዬ ስጠይቃቸው «የፍቅር ዘፈን ነው፤ እሱ ግን ልጅቷን ትቶ ስለ ባልዲ ነው የሚዘፍነው» አሉኝ። እሳቸው ደግሞ ሽንኩርት ሲያቁላሉ ከራዲዮ የለመዱትን አንድ የድሮ የአማርኛ ዘፈን ያዜማሉ። እሳቸውም ቃሉን ይስቱ ነበር፤ አላረምናቸውም።

ከሚስቱና ከትንሽ ሴት ልጁ ጋር በሌላ ሰፈር ይኖር የነበረውን ኪሪትን ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ወደ ዙሪክ አዛወረው። ሚስቱ ኡርሱላ የዙሪክ ልጅ ናት፤ አስተማሪ፣ የምታስበውን የምትናገር፣ ሰዓት የምታከብር ደግ ሴት። ደስ አላት። ኪሪት እናቱን ብቻቸውን ጄኔቭ ትቶ መሄድ አልፈለገም። ሁለት ሐሳብ ነበረው፤ ወይ ከእነሱ ጋር ዙሪክ፣ ወይም ቨርሷ ውስጥ ሐይቁ የሚታይበት ጥሩ የአረጋውያን መኖሪያ። እማማ ሳቪታ ሁለቱንም አልፈልግም አሉ። ምክንያቱን ለእኛ ነገሩን እንጂ ለልጃቸው አልነገሩትም፤ ምክንያቱ ድስት ነበር።

ከዚያ ቀደም ባለው ክረምት ጉንፋን ጥሏቸው ሳለ ኡርሱላ ከሥራ መልስ ትራም ውስጥ ቆማ መጥታ፣ በእሳቸው ድስት ሾርባ ሠርታላቸው ነበር። ጣዕም እንዲኖረው ብላ ትንሽ የአሳማ ሥጋ ጣል አደረገችበት። ሾርባውን ስታቀርብ ቁራጩን አውጥታው ስለነበር ችግሩ ያለቀ መስሏታል። እሳቸው አልጠጡም፤ አመሰገኗት። በማግሥቱ ድስቱን ለኮንሲዬርዧ ሰጡ። ከአዲስ አበባ ይዘው የመጡት ከባድ የነሐስ ድስት ነበር። ሴትዮዋ አፈር ሞልታ ቀይ አበባ ተከለችበትና ምድር ቤት መስኮቷ ላይ አስቀመጠችው። ኡርሱላ በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ አየችው። ማዕድ ቤቱ በር ላይ እየቆመች ታወራ ጀመር እንጂ ከዚያ ወዲህ ወደ ውስጥ አልገባችም። ኡርሱላ ቤት ያሉት ድስቶች በሙሉ ቋሊማ የተቀቀለባቸው ናቸው። ቨርሷም ቢሆን ሰው የሰጠውን ነው የሚበላው። እማማ ሳቪታ ኦ ቪቭ ለመቅረት የፈለጉት ለሐይቁም ለእኛም ብለው አይደለም፤ ምድጃቸው የእሳቸው ስለሆነ ነው።

ኪሪት ሐኪም ይወስን አለ። ሐኪሙ እናቴ ብቻዋን መኖር ትችላለች ካለ አልከራከርም አለ። ሐኪሙ አረጋውያንን ያለ ቤተሰብ ማነጋገር የሚወድ ሰው ነበር። ልጃቸውን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ ብቻቸውን አነጋገራቸው። ሲወጣ የነገረው ነገር ጥሩ አልነበረም። ቁጭ ብለውም ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ የሳንባው ፎቶ ንጹሕ ቢሆንም እኔ ራሴ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ አለው። ደግሞም ጥያቄውን አይረዱም፤ የት እንዳሉ ያውቃሉ ወይ ሲባሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ለማንኛውም አንድ ጊዜ ደግሞ ልያቸው፣ የሚያስተረጉም ሰው ይምጣ አለ።

ያን ዓርብ ምግቡ ቀዝቅዞ ነው የቀረበልን፤ እንዲህ ያለ ነገር እሳቸው ቤት ታይቶ አይታወቅም። «ምን አጠፋሁ?» አሉን። «የጠየቀኝን ሁሉ አዎ አልኩት።» አስተርጓሚ ሆኜ እንድሄድ ለመኑኝ፤ ፈረንሳይኛውን ይሰሙታል፣ ግን አጠገባቸው የሚያውቃቸው ሰው ፈለጉ።

ሐኪሙ እያንዳንዱን ቃል እየለየ፣ ቀስ ብሎ ጠየቃቸው። ማታ በደንብ ይተኛሉ? እኔ አፌን ሳልከፍት ገባቸው። አንገታቸውን እንደ ሚዛን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ወዝወዝ አደረጉና ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው «እ» አሉ። ሐኪሙ ነርሷን አየት አደረጋት። ምግብ ሠርተው ሲጨርሱ ጋዙን ማጥፋትዎን ያስታውሳሉ? ወዝወዝ፣ ሳብ። የልጅ ልጅዎን ስም ያውቁታል? ወዝወዝ፣ ሳብ። ለእኔ ፍጹም ግልጽ ነበር። እያንዳንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አዎ ብለው ነው የመለሱት፤ አንድ ጊዜ እንደ ሕንድ፣ አንድ ጊዜ እንደ አዲስ አበባ ሰው። ግልጽ ስለነበረም ሐኪሙ የሚያየውን አላየሁም። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ አዎ ማለትን እኛ መች እንሰማዋለን? እንደ ዓይን መጨፈን ነው።

ከዚያ ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ ዘመዳቸው ነዎት?» አለኝ።

ሳላስበው ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ። «እ።»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እርስዎም ያፍንዎታል እንዴ?»

የለም አልኩት። ታዲያ አሁን ምን ሆኑ አለኝ። አዎ ማለቴ ነው አልኩት። ይህን ስናገር ነው ነገሩ ለራሴም የገባኝ። በሥራዬ አንድ ነገር ሳላጣራ አረጋግጬ አላውቅም፤ ዘመዳቸው አለመሆኔም ትዝ ያለኝ ከተነፈስኩ በኋላ ነው። ቢሆንም አስረዳሁት። በእኛ አገር አዎ የሚባለው እንዲህ ነው፣ እሳቸው ዕድሜያቸውን የኖሩት እኛ ዘንድ ነው፤ አንገት መወዝወዙ ደግሞ በተወለዱበት አገር እሺ ማለት ነው እንጂ አይደለም ማለት አይደለም። ሐኪሙ ደግሜ እንዳሳየው ጠየቀኝ። ሦስተኛውን ጊዜ ነርሷም ሞከረችው፤ ቃጭል ዋጠች የሚያሰኝ ድምፅ ወጣት። እማማ ሳቪታ ተራ በተራ ሲያዩን ቆይተው «ምን ሆናችሁ?» አሉኝ በአማርኛ። አዎ ማለት ስንማር ነው አልኳቸው። ሐኪሙ ጥያቄዎቹን ከመጀመሪያው ጀመረ፤ አሁን በአፋቸው ብቻ እንዲመልሱ ነገርኳቸውና ዊ፣ ዊ እያሉ እስከ መጨረሻው ደረሱ። ሲጨርስ ሳቀ፤ በራሱ ነው የሳቀው። ጤነኛ ናቸው፣ ብቻቸውን መኖር ይችላሉ አለ። ይህን ለጌታሁን ስነግረው «ስንቱ አበሻ በዚህ ከተማ የአስም ክኒን እየዋጠ ይሆን?» ብሎ ተጨነቀ።

በሚቀጥለው ዓርብ ኪሪትና ኡርሱላ ከዙሪክ መጡ። ጌታሁንና እኔም ነበርን። ኪሪት በዚያ በልጅ አማርኛው፣ እኛም እንድንሰማ ብሎ፣ «ሐኪሙ ጎበዝ ነሽ አለ። በቃ፣ እዚህ ትቀሪያለሽ። እኛ እንመጣለን» አላቸው። ጌታሁን ደስ ብሎት ምስሩን ደገመ። እንዳይሄዱ ከልባችን እንፈልግ ነበር፤ ረቡዕና ዓርባችን እሳቸው ዘንድ ነበሩ።

እማማ ሳቪታ ጭልፋውን አስቀመጡ። «ማን ይቀራል አለ?» አሉ። «ዙሪክ እሄዳለሁ።»

ጌታሁን ጉርሻው አፉ ጋ ደርሶ ቆመ። ኪሪት እኮ አልፈልግም ብለሽ ነበር አላቸው። እሳቸው በጉጅራትኛ ጀመሩ፤ መሀል ላይ ግን እኛን አዩና ወደ አማርኛ መለሱት። «በሽተኛ ናት ተብዬ ከሄድኩ አልጋ ነው የሚሰጡኝ። ምግብ ያመጡልኛል፣ ያመጡልኝን እበላለሁ። ጤነኛ ናት ተብዬ ከሄድኩ ምድጃው አጠገብ እቆማለሁ። የልጅ ልጄ በእኔ ቋንቋ አንድ ቃል አታውቅም። እዚህ ተቀምጬ ማን ያስተምራታል?» ቀጥለው «ሦስት አገር ኖርኩ። አንዱንም ትሄጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አሁን ማንም ሳያስገድደኝ እሄዳለሁ» አሉ።

ኡርሱላ ማዕድ ቤቱ በር ላይ እንደ ልማዷ ቆማለች። ኪሪት ሁሉንም በጀርመንኛ ነገራት፤ ምድጃ የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። ከዚያ ጥቂት ቃላት ተናገረች። ኪሪት ለእናቱ በጉጅራትኛ አቀበለ፣ ቀጥሎ ለእኛ። «የምድጃው እሳት አራት ነው አለች። ሁለቱ ያንቺ፣ ሁለቱ የኔ። ግን ድስት ስትጥዪ መጀመሪያ ለኔ ንገሪኝ አለች።»

እማማ ሳቪታ ኡርሱላን አዩዋት። ያን ድስት አይታው እንደነበር ያወቁት ያኔ ነው። «የእሷን ድስት አልነካም በላት» አሉ። «የራሴን አመጣለሁ። የተበላሸ ነገር ካለም ለእሷ እነግራታለሁ።» ይህም ተተረጎመ። ኡርሱላ ወደ ውስጥ ገብታ የቆሸሹትን ሰሃኖች ማንሳት ጀመረች፤ እሳቸውም ተዪ አላሏትም።

ዳግማይ ትንሣኤን አብረን ካሳለፍን በኋላ ዕቃቸውን ጫንን። አልጋውና ቁም ሣጥኑ በጭነት መኪና ሄደ። ድስቶቹን ግን በአቡጀዲ አስረው ራሳቸው ያዟቸው። ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ድረስ ጌታሁንና እኔ እየተፈራረቅን ተሸክመንላቸው ሄድን። ጌታሁን ዓርብ ዓርብ ምን ሊበላ እንደሆነ ጠየቃቸው፤ ማቁላላት ትችላለህ፣ ስትዘፍን ብቻ እንዳያርብህ አሉት። ፉርጎው ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ኪሪት እስሩን ከላይ መደርደሪያው ላይ ላስቀምጥልሽ ብሎ እጁን ዘረጋ፤ አልሰጡትም፣ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ እኛ መድረኩ ላይ ቆመን እጃችንን አውለበለብን። እሳቸው አላውለበለቡም፤ ሁለቱም እጆቻቸው ድስቶቹን ይዘው ነበር።